ጥሬ ባዮጋዝን በሜምብሬን አጥርቶ ንጹሕ ነዳጅ ማውጣት፦ ለድሬዳዋና ለሐረር የተሰላ የአሠራር መመሪያ

እበትና ሌላ ትራፊ ያለ አየር ከሚብላላበት ጉድጓድ (ማብላያ) የሚወጣ ጥሬ ባዮጋዝ ከ55 እስከ 65 በመቶው ሚቴን ነው። ከ35 እስከ 45 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ ቀሪው የውሃ እንፋሎት፣ ጥቂት አሞኒያና እንደ ገማ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ዋናው ነዳጅ ሚቴኑ ነው። ጋዙ እዚያው ቅርብ ላለ ምድጃ ከሆነ ሰልፋይዱን ቀንሶ ጥሬውን ማንደድ ይበቃል፤ ከዚህ በታች የተዘረዘረው ዕቃ ሁሉ አያስፈልግም። ማጥራት ዋጋ የሚኖረው ጋዙ በከፍተኛ ግፊት ሲሊንደር ውስጥ ሲታመቅ፣ ለተሽከርካሪ ሲውል፣ ወይም ለቡታጋዝ የተሠራ የፋብሪካ ማቃጠያ ላይ ሲገጠም ነው።

የማጥሪያው መንገድ ብዙ ነው። ጋዙን በግፊት ውሃ ማጠብ ቀላሉ ይመስላል፤ ድሬዳዋ ላይ ግን አንመክረውም። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው አንድ ሊትር ውሃ 1.7 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል፤ ውሃው 35 ዲግሪ ሲደርስ የሚይዘው ወደ 1.1 ግራም ይወርዳል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ለተመሳሳይ ሥራ በጣም ብዙ ውሃ ማዘዋወር ግድ ይሆናል። የከተማው የጉድጓድ ውሃም ካልሲየም ስለሚበዛበት ማጠቢያ ማማው ውስጥ ቅርፊት ይሠራል፤ የድሬዳዋን ማንቆርቆሪያ ውስጡን ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የምንመርጠው ሜምብሬን (ጋዞችን የሚለይ የፖሊመር ክር) ውሃ አይፈልግም፤ ፈተናው ሌላ ነው፣ እሱም ሙቀት ነው።

ሜምብሬኑ እንዴት እንደሚሠራ

የሜምብሬኑ ዕቃ (ካርትሪጁ) ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ፣ ውስጣቸው ክፍት የሆነ ቀጫጭን የፖሊመር ክሮች ታስረው ተቀምጠዋል። ፖሊመሩ በአብዛኛው ፖሊኢሚድ ወይም ፖሊሰልፎን ነው። ብዙ ሰው ክሩን እንደ ወንፊት ያስበዋል፤ ቀዳዳ ግን የለውም። ጋዙ ክሩ ግድግዳ ውስጥ ሟሙቶ ገብቶ በሌላው በኩል ይወጣል፣ ፍጥነቱም እንደ ጋዙ ዓይነት ይለያያል። የውሃ እንፋሎት ከሁሉ ይቀድማል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይከተላሉ፤ ኦክስጅን መካከል ላይ ነው፤ ናይትሮጅንና ሚቴን መጨረሻ ይቀራሉ። ስለዚህ ሚቴኑ በገባበት ግፊት በሌላው ጫፍ ሲወጣ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ዝቅተኛ ግፊት ወዳለው ጎን ያልፋል። የሚገፋው ነገር የሁለቱ ጎኖች የግፊት ልዩነት ብቻ ነው፤ ኬሚካል የለም፣ የሚንቀሳቀስ አካልም የለም።

ናይትሮጅን ከሚቴን ጋር መቅረቱን ልብ በሉ። ኋላ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ይህ መመሪያ በሰዓት 10 ሜትር ኩብ ጥሬ ጋዝ ለሚያጠራ ተቋም የተሰላ ነው (መለኪያው በ0 ዲግሪና በባሕር ጠለል ግፊት የሚሰላው ኖርማል ሜትር ኩብ ነው)። ከዚህ ያነሰ መሣሪያ መሥራት ይቻላል፣ ወጪውን ግን አይመልስም። 8 ሜትር ኩብ የሚይዝ የቤተሰብ ማብላያ በቀን ከ1 እስከ 2 ሜትር ኩብ ጋዝ ነው የሚሰጠው፤ ሜምብሬን ለእሱ አይደለም።

መሣሪያው በቀን 20 ሰዓት ቢሠራ 200 ሜትር ኩብ ጥሬ ጋዝ ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ትኩስ የከብት እበት 40 ሊትር ያህል ጋዝ ስለሚሰጥ፣ በእበት ብቻ ከሆነ በቀን 5 ቶን ማለት ነው። ቄራ ያለበት ቦታ ግን ፈርሱና ደሙ፣ ከሆቴሎች የሚወጣው የምግብ ትራፊ፣ ሐረር አካባቢ ደግሞ የቢራ ጠመቃ ቅሪት ሸክሙን ያቃልሉታል። ደም ሲበዛ ሰልፋይዱና አሞኒያው እንደሚጨምር አትርሱ። በየሠፈሩ የሚጣለው ገራባ (የጫት ትራፊ) ብዙ ሰው ዓይኑን የሚጥልበት ነገር ነው፤ ቅጠሉ ይብላላል፣ እንጨቱ ግን ሳይነካ ላይ ተንሳፍፎ ቅርፊት ይሠራል። ገራባ ከገባ ግንዱ ተለቅሞ ቅጠሉ ብቻ ተከትክቶ ይግባ።

60 በመቶ ሚቴን ያለው 10 ሜትር ኩብ ጋዝ ሲገባ፣ 97 በመቶ ንጹሕ የሆነ 6 ሜትር ኩብ ምርት ይወጣል፤ 4 ሜትር ኩብ ያህሉ ደግሞ ከ4 እስከ 5 በመቶ ሚቴን የቀረበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይለያል። ይህ የሁለት ደረጃ ሜምብሬን ውጤት ነው። በቀን 120 ሜትር ኩብ ንጹሕ ጋዝ በኃይሉ ከ115 ሊትር ናፍጣ ወይም ከ90 ኪሎ ቡታጋዝ ጋር ይቀራረባል።

ቦታ መረጣ

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። የአየሩ ግፊት ድሬዳዋ ላይ 880 ሚሊባር፣ ሐረር ላይ 810 ሚሊባር ያህል ነው፤ ይህ ቁጥር ኮምፕረሰር ሲመረጥ ይመለሳል።

ድሬዳዋ ውስጥ ከደቻቱና ከሌሎቹ ደረቅ ወንዞች ዳር ራቁ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ላይ የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል፤ ደረቅ አሸዋ ማየት አያታልል። መሣሪያው የሚቀመጥበት መጠለያ ጣሪያና ጥላ ይኑረው፣ ጎኖቹ ግን በሽቦ ወንፊት ብቻ ይታጠሩ። ሚቴን ከአየር ስለሚቀል ጣሪያው ጫፍ ላይ መውጫ ክፍተት ያስፈልገዋል። በቆርቆሮ ተዘግቶ ከሥሩ ኮርኒስ የተሠራለት ክፍል ጋዝ ማጠራቀሚያ ይሆናል።

1. ሰልፋይድ ማስወገድ

ከሁሉም ደረጃ ጊዜና ገንዘብ የሚበላው ይህ ነው፤ ሰው በብዛት የሚያቋርጠውም ይህኑ ነው። 2,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 2,000 እጅ) ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያለበት 10 ሜትር ኩብ ጋዝ በሰዓት 30 ግራም፣ በ20 ሰዓት 600 ግራም ሰልፋይድ ይዞ ይመጣል። ይህ ከውሃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ሆኖ የኮምፕረሰሩን ቫልቭና ቤሪንግ ይበላል። ከኮምፕረሰሩ በፊት ከ10 ፒፒኤም በታች መውረድ አለበት።

በአነስተኛ የባዮጋዝ ተቋማት የተለመደው ዘዴ ከ2 እስከ 5 በመቶ አየር ማብላያው አናት ላይ መንፋት ነው። ባክቴሪያዎች በኦክስጅኑ ሰልፋይዱን ወደ ቢጫ ድኝ ይለውጡታል። ለምድጃ ወይም ለጀነሬተር ጥሩ ዘዴ ነው፤ ለሜምብሬን ግን አታድርጉት። 3 በመቶ አየር ማለት በሰዓት 0.24 ሜትር ኩብ ያህል ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅኑ ከሚቴኑ ጋር ስለሚቀር 6 ሜትር ኩብ ምርት ውስጥ ገብቶ 4 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ 97 የነበረው ንጽሕና ወደ 93 ይወርዳል። ግፊት ብትጨምሩ፣ ሜምብሬን ብትደርቡ አይወጣም። በምትኩ ፌሪክ ክሎራይድ ወይም የብረት ሃይድሮክሳይድ ዱቄት ከሚገባው እበትና ትራፊ ጋር ወደ ማብላያው ጨምሩ፤ ብረቱ ሰልፋይዱን እዚያው ዝቃጩ ውስጥ ያስቀረዋል።

ቀሪውን የብረት ኦክሳይድ እንክብል የተሞሉ ሁለት ተከታታይ ማማዎች ይይዙታል። ማማው በፋይበርግላስ ወይም በወፍራም ፕላስቲክ ይሠራ፤ መዳብ፣ ናስና ጋልቫናይዝድ ቱቦ ከጥሬ ጋዙ መስመር ይውጡ። ጋዙ እንክብሉ ውስጥ ቢያንስ 60 ሴኮንድ መቆየት ስላለበት፣ 50 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1.2 ሜትር የእንክብል ከፍታ ያለው ማማ (235 ሊትር ገደማ) ይበቃል። ጥሩ እንክብል በተግባር ከክብደቱ 20 በመቶ ያህል ሰልፋይድ ይይዛል፤ በቀን 3 ኪሎ፣ በወር 90 ኪሎ ይሄዳል ብላችሁ አስቡ። አንዱ ማማ 200 ኪሎ ቢይዝ ሁለት ወር ገደማ ያስኬዳል። በማማዎቹ መካከል ባለው ናሙና መቅጃ በየሳምንቱ በቀለም መለኪያ ቱቦ ለኩ፤ የመጀመሪያው ማማ ከ100 ፒፒኤም በላይ ማሳለፍ ሲጀምር እንክብሉን ቀይሩና ቫልቩን አዙራችሁ ሁለተኛውን አስቀድሙት።

ከቶርኖ ቤት የሚገኝ የብረት ፍቅፋቂ በሳሙና ዘይቱ ታጥቦ፣ በጨው ውሃ እየረጠበ ለሳምንት ቢዝግ ይሠራል። አቅሙ ከእንክብሉ በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ ግን ለመጀመሪያው ማማ ብቻ ይሁን።

ብረት ኦክሳይድ የሚሠራው ሞቅና ረጠብ ባለ ጋዝ ነው፤ ስለዚህ ከማድረቂያው በፊት ይቀመጣል። ያገለገለው እንክብል ደግሞ አየር ሲያገኝ ራሱ ይግላል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። ማማውን ከመክፈታችሁ በፊት ውሃ አርከፍክፉበት፤ ካወጣችሁት በኋላም በቀጭኑ ዘርግታችሁ ለጥቂት ቀናት እርጥብ ይሁን። በጆንያ ጠቅጥቆ መጋዘን ማስገባት እሳት ማስቀመጥ ነው።

2. ውሃውን ማውጣት

35 ዲግሪ ላይ በእንፋሎት የጠገበ ጋዝ በአንድ ሜትር ኩብ 40 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል፤ 10 ዲግሪ ላይ 9 ግራም ገደማ። ጋዙን ከማማዎቹ በኋላ በትንሽ ቺለር (ማቀዝቀዣ) ወደ 10 ዲግሪ ስታወርዱ በሰዓት 400 ግራም ያህል፣ በቀን 8 ሊትር ውሃ ይጠራቀማል። ይህ ውሃ አሲድነት አለው፤ ማጠራቀሚያው ፕላስቲክ ወይም ስቴንለስ ይሁን፣ ማፍሰሻውም ጋዝ እንዳይወጣበት በውሃ የተዘጋ ወጥመድ ይሠራለት። ከማብላያ እስከ መሣሪያው ያለው ቱቦ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር እየወረደ ወደ ወጥመዱ ይሂድ። ቱቦው መሐሉ ከረገበ ውሃ ይተኛበታል፣ ጋዙም እየተንገጫገጨ ይመጣል።

ከቺለሩ ሲወጣ ጋዙ ወደ 20 ዲግሪ ይመለስ። እርጥበቱ 50 በመቶ አካባቢ ይሆናል፤ ቀጥሎ ላለው 25 ኪሎ የአክቲቭ ካርቦን ዕቃ ተስማሚው ይህ ነው። ካርቦኑ ለሰልፋይድ ተብሎ የተነከረ ዓይነት ይሁን፤ ከብረቱ ያመለጠውን ይለቅማል። ጋዙ ከቆሻሻ መጣያ ወይም ከፍሳሽ ማጣሪያ የመጣ ከሆነ ከሻምፑና ከመዋቢያ የሚመጡ ሲሎክሳን የሚባሉ ውሕዶች ይኖሩታል፤ ሲቃጠሉ ሞተር ውስጥ አሸዋ ይሆናሉ። ለዚህ ሁለተኛ የካርቦን ዕቃ ያስፈልጋል። ለቄራና ለእበት ጋዝ አያሳስብም።

3. ማመቅ

የምንፈልገው ግፊት በጌጅ (ከከባቢው አየር ግፊት በላይ) 10 ባር ነው። ከሁለተኛው ሜምብሬን የሚመለሰው ጋዝ ስለሚጨመር ኮምፕረሰሩ የሚገፋው 10 ሳይሆን 15 ኖርማል ሜትር ኩብ ነው። ከፍታው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ድሬዳዋ ላይ ጋዙ 30 ዲግሪ ሆኖ ሲገባ 15 ኖርማል ሜትር ኩብ በኮምፕረሰሩ መግቢያ ከ19 እስከ 20 ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል። ሐረር ቀዝቀዝ ቢልም አየሩ ስስ ስለሆነ 20 ገደማ ይሆናል። 20 በመቶ መጠባበቂያ ጨምራችሁ በሰዓት 24 ሜትር ኩብ የሚስብ ኮምፕረሰር እዘዙ። ካታሎጉ ላይ 15 የሚል አይታችሁ 15 ብትገዙ፣ መሣሪያው ከታሰበው ጋዝ ሩቡን ሳያስተናግድ ይቀራል።

ሥራው ራሱ 3 ኪሎ ዋት አካባቢ ይፈልጋል። መደበኛ ሞተር ግን ለ40 ዲግሪና እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ የተሰላ ነው፤ ሁለቱም ከተሞች ከዚያ በላይ ናቸው። 5.5 ኪሎ ዋት፣ ባለ ሦስት ፌዝ፣ ለፈንጂ ጋዝ ቦታ የተፈቀደ ሞተር ውሰዱ።

ጎሚስታ ቤት ያለውን የአየር ኮምፕረሰር ለዚህ መጠቀም ክልክል ነው። በፒስተኑ ዙሪያ ያመለጠው ጋዝ በክራንክ ሳጥኑ በኩል ወደ ክፍሉ ይወጣል፣ የግፊት ማብሪያው ደግሞ ብልጭታ ይሠራል፤ ሚቴን አየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይፈነዳል። የሚገዛው ለባዮጋዝ የተሠራ፣ ያመለጠውን ጋዝ ወደ መግቢያው የሚመልስ ይሁን። ዘይት አልባ ቢሆን ይመረጣል። ዘይት ያለው ከሆነ ሁለት ተከታታይ ኮአለሲንግ ፊልተር (የዘይት ጭጋግን ጠብታ አድርጎ የሚይዝ) እና ከኋላቸው የካርቦን ማጣሪያ ግድ ነው፤ የዘይት ጭጋግ ክሩ ላይ ከተቀመጠ አይታጠብም።

ከኮምፕረሰሩ በኋላ ጋዙ እንደገና ይቀዘቅዛል። በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ራዲያተር ከውጭው ሙቀት 10 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው የሚያቆመው፤ ድሬዳዋ ላይ ከሰዓት በኋላ 45 ዲግሪ ማለት ነው። ስለዚህ ከራዲያተሩ ቀጥሎ ቺለሩ ሁለተኛ መስመር ይኑረው፤ ጋዙ ወደ 10 ዲግሪ ወርዶ፣ ጠብታው ተለይቶ፣ ከዚያ በሙቀት መለዋወጫ ወደ 25 ወይም 30 ዲግሪ ይመለሳል። መልሶ ማሞቁ ብክነት የሚመስለው አለ። ሳይሞቅ ከገባ ግን ክሩ ውስጥ ውሃ ሊጤዝ ይችላል፣ ፈሳሽ ውሃም ክሩን ያበላሻል።

4. ሜምብሬኑን መግጠም

ስንት ካርትሪጅ እንደሚያስፈልግ በግምት አይታዘዝም። ለአቅራቢው የምትሰጡት፦ የጥሬ ጋዙ መጠንና ይዘት፣ የመግቢያ ግፊትና ሙቀት፣ የከተማው የአየር ግፊት፣ የምትፈልጉት ንጽሕና (97 በመቶ) እና ከሚቴኑ ምን ያህሉ እንዲተርፍ እንደምትፈልጉ (97 በመቶ) ነው። የመጨረሻውን ያልጠየቀ አቅራቢ የአንድ ደረጃ መሣሪያ እየሸጠላችሁ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ንጽሕናውን ያመጣል፣ ከሚቴኑ ግን ብዙውን ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጋር ይጥለዋል።

ቅጥልጥሉ እንዲህ ነው። የታመቀው ጋዝ ወደ አንደኛው ሜምብሬን ይገባል። ከጎኑ የሚያልፈው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ወደ ውጭ ይሄዳል። በጫፉ የሚወጣው ወደ ሁለተኛው ሜምብሬን ይቀጥላል። የሁለተኛው ጫፍ ምርቱ ነው። የሁለተኛው ጎን ግን ገና ሚቴን ስላለበት ወደ ኮምፕረሰሩ መግቢያ ይመለሳል። ግፊቱን የሚይዘው ከሁለተኛው ሜምብሬን በኋላ ምርቱ ላይ የሚገጠም የኋላ ግፊት መጠበቂያ ቫልቭ ነው፤ ከፊት አይገጠምም።

ካርትሪጆቹ ከኮምፕረሰሩ ንዝረት ተለይተው፣ ቆመው፣ በጥላ ሥር ይታሰሩ። ከመግቢያው በፊት 12 ባር ላይ የሚከፍት የደህንነት ቫልቭ፣ በጎን መስመሮቹ ላይ ደግሞ 0.3 ባር ላይ የሚከፍት ሌላ ይኑር። ክሩ ግፊት የሚችለው በአንድ አቅጣጫ ነው። የጎን መስመር ተዘግቶ ግፊቱ በተቃራኒው ቢመጣ ክሩ ይበጠሳል፤ ስለዚህ ጎን መስመር ላይ በእጅ የሚዘጋ ቫልቭ ባይኖር ይሻላል፣ ካለም እጀታው ይነቀል።

5. ማስነሳት

ቱቦው ሁሉ በመጀመሪያ ካርትሪጁ ሳይገባ በናይትሮጅን 11 ባር ይሞከር፤ መገጣጠሚያው ሁሉ በሳሙና አረፋ ይቀባ። 30 ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱ ሳይለወጥ ጌጁ ከወረደ ቀዳዳ አለ። ከዚያ ካርትሪጆቹን አስገቡና አየሩን በናይትሮጅን አስወጡ፤ ኦክስጅኑ ከ2 በመቶ በታች እስኪወርድ።

የማስነሻው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ የጎን መስመሮቹ ክፍት መሆናቸውን አረጋግጡ፤ ቺለሩን አስነሱና 10 ዲግሪ እስኪደርስ ጠብቁ፤ ኮምፕረሰሩን በባይፓስ (ሜምብሬኑን በሚያልፍ የጎን መንገድ) አስነሱ፤ ሜምብሬኑ ላይ ያለውን ግፊት በደቂቃ ከ1 ባር ሳታስበልጡ እስከ 10 ባር አሳድጉ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ምርት ንጹሕ ስለማይሆን ወደ ችቦው (ትርፍ ጋዝ ማቃጠያው) ይሂድና ይቃጠል። ንጽሕናው 97 ሲረጋ ወደ ማጠራቀሚያው አዙሩት።

ማስተካከያው በሁለት ነገር ነው፣ በግፊትና በፍሰት። ንጽሕናው 95 ላይ ቢቆም የምርቱን ፍሰት ትንሽ ቀንሱ ወይም ግፊቱን በግማሽ ባር ከፍ አድርጉ፣ 15 ደቂቃም ጠብቁ። 99 ከደረሰ አትደሰቱ፤ ለማይጠየቅ ንጽሕና ሚቴን እየጣላችሁ፣ መብራትም እየከፈላችሁ ነው።

የኢንፍራሬድ መለኪያ ከሌለ ለዕለት ቁጥጥር ይህ ይበቃል፦ በትልቅ ሲሪንጅ 50 ሚሊ ሊትር ጋዝ ቅዱ፣ 10 ሚሊ ሊትር 20 በመቶ ካስቲክ ሶዳ ሳቡበት፣ ጫፉን ዘግታችሁ ለሁለት ደቂቃ ናጡት። ጫፉን ሶዳው ውስጥ ነክራችሁ ስትከፍቱት የጎደለውን ያህል ሶዳ ይስባል። ጋዙ 48.5 ሚሊ ሊትር ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 3 በመቶ ነው ማለት ነው። ዘዴው ናይትሮጅንን አያሳይም፤ ጓንትና መነጽርም አይረሳ፣ ሶዳው ዓይን ያጠፋል።

ሲበላሽ

ጠዋት 97፣ ከሰዓት በኋላ 94 የሚል መሣሪያ ድሬዳዋ ላይ ቶሎ የሚገጥማችሁ ነው። ክሩ ሲሞቅ ጋዝ ሁሉ ፈጥኖ ያልፍበታል፣ መለየቱ ግን ይደክማል፤ ሚቴኑም ወደ ጎን ይፈስሳል። መጀመሪያ የሚታየው የሜምብሬን መግቢያ ሙቀት ነው። ከ35 ካለፈ ቺለሩ አልቻለም ማለት ነው፦ ኮንደንሰሩ በአቧራ ተዘግቶ ወይም ፀሐይ እያየው ይሆናል። ከሜምብሬኑ እስከ ቺለሩ ያለው ቱቦ በአረፋ ስፖንጅ ይሸፈን። ሐረር ላይ ችግሩ በተቃራኒው ነው፤ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ጋዙን ከሚገባው በላይ ያቀዘቅዘዋል፣ ውሃም ሊጤዝ ይችላል። እዚያ በቴርሞስታት የሚሠራ የማሞቂያ ገመድ ይጠቀለልበት።

ንጽሕናው በወራት ውስጥ ቀስ እያለ፣ ሙቀት ሳይለወጥ ከወረደና ምርቱ ከበዛ ክሩ በዘይት ወይም በቆሻሻ ተሸፍኗል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እንደ በፊቱ አያልፍም። ፊልተሮቹን ክፈቱ፤ የመጨረሻው ፊልተር ከረጠበ ጥፋቱ እዚያ ነው። በአንድ ቀን ዘጭ ካለ ግን ክር ተበጥሷል ወይም የካርትሪጁ ኦሪንግ ወጥቷል። ይህን ለመለየት የአንደኛውን ሜምብሬን ጎን ጋዝ ለኩ፦ ሚቴኑ ከተለመደው 5 በመቶ ወደ 15 ወይም 20 ከዘለለ ማረጋገጫ ነው።

ሲሪንጁ 3 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እያሳየ ነበልባሉ ከደከመ አየር ገብቷል። አየር የሚገባው ግፊቱ ከከባቢው አየር በታች በሚወርድበት ቦታ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከኮምፕረሰሩ መግቢያ በፊት፣ ጥሬው ጋዝ የሚጠራቀምበት ከረጢት ባዶ ሆኖ ኮምፕረሰሩ መሳብ ሲቀጥል። መግቢያው ላይ ግፊቱ ከ5 ሚሊባር ሲያንስ ሞተሩን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ይገጠም። ኦክስጅን ከ1 በመቶ በላይ ከታየ አቁሙና ፈልጉ።

መብራት ሲጠፋ የጋዙ መግቢያ ቫልቭ በስፕሪንግ ራሱ መዘጋት፣ ጥሬው ጋዝም ወደ ችቦ መሄድ አለበት፤ ማብላያው መብራት ጠፋ ብሎ ጋዝ መሥራት አያቆምም። መብራቱ ሲመጣ ኮምፕረሰሩ በሙሉ ግፊት ራሱን እንዳያስነሳ ማስነሻው በሰው እጅ ይሁን።

የሚጣለው ጋዝና አደጋው

ከአንደኛው ሜምብሬን ጎን የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 4 ወይም 5 በመቶ ሚቴን አለበት። ብቻውን አይነድም። በ100 ዓመት ስሌት ሚቴን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ስለሚያሞቅ፣ ማብላያውን የሚያሞቅ ቦይለር ካለ ከእሳቱ አየር ጋር ተቀላቅሎ ይቃጠል። ከሌለ ከጣሪያው 3 ሜትር ከፍ ባለ ቱቦ ይውጣ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድና ምድር ቤት ውስጥ ተኝቶ ሰው ያፍናል።

የሚቴን ማንቂያ ከጣሪያው ሥር፣ የሰልፋይድና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማንቂያ ከወለሉ ግማሽ ሜትር ላይ ይሰቀል። ሽታውን አትመኑት፤ ሰልፋይድ 100 ፒፒኤም ሲያልፍ አፍንጫውን ራሱን ያደነዝዘዋል፣ ሰው ሽታው ጠፋ ብሎ ሲገባ ይወድቃል።

ምርቱን መጠቀም

10 ባር ላይ ያለው ጋዝ በቱቦ ወደ ማእድ ቤት ወይም ወደ ቦይለር ከሄደ በግፊት መቀነሻ ወደ 20 ወይም 30 ሚሊባር ይወርዳል። በጥሬ ባዮጋዝ ይሠራ የነበረ ምድጃ ግን እንዳለ አይቀጥልም፤ የኖዝሉ ቀዳዳ ዲያሜትር በዚያው ግፊት ወደ 70 በመቶው መጥበብ አለበት፤ ካልሆነ ቢጫ ነበልባልና ጥቀርሻ ይመጣል። የቡታጋዝ ምድጃ ደግሞ በተቃራኒው ዲያሜትሩ ሩብ ያህል የሰፋ ኖዝል ይፈልጋል። ብዙ ምድጃዎች ለተፈጥሮ ጋዝ የሚሆን ኖዝል ለብቻው ይሸጥላቸዋል፤ በመሰርሰሪያ ከማስፋት እሱን መግዛት ይሻላል።

የቡታጋዝ ሲሊንደር ውስጥ ሚቴን መሙላት አይቻልም። ቡታጋዝ በትንሽ ግፊት ፈሳሽ ስለሚሆን ነው ዕቃው ብዙ የሚይዘው፤ ሚቴን ከዜሮ በታች 82 ዲግሪ ካልቀዘቀዘ በምንም ግፊት ፈሳሽ አይሆንም። በ10 ባር የተሞላ 26 ሊትር ዕቃ ከ300 ሊትር ያነሰ ጋዝ ነው የሚይዘው፤ ለአንድ ምድጃ ከአንድ ሰዓት ብዙ አይዘልም። ግፊቱን አሳድጎ መሞከር ደግሞ ዕቃውን መቅደድ ነው።

ለባጃጅም ሆነ ለመኪና 200 ባር የሚችል፣ የፈተና ቀኑ ያላለፈ የተፈጥሮ ጋዝ ሲሊንደርና ሁለተኛ ከፍተኛ ግፊት ኮምፕረሰር ያስፈልጋል። 80 ሊትር ሲሊንደር 18 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል። ከዚያ ኮምፕረሰር በፊት የሞሌኪውላር ሲቭ (እርጥበት መጣጭ እንክብል) ማድረቂያ ይገጠም፤ 200 ባር ላይ የቀረች ጥቂት እርጥበት ከካርቦን ዳይኦክሳይድና ከሰልፋይድ ትራፊ ጋር የብረቱን ሲሊንደር ከውስጥ ትበላለች፣ ጋዙ በኖዝል ሲለቀቅም በረዶ ሆና መስመሩን ትዘጋለች። ንጹሕ ሚቴን ሽታ ስለሌለው፣ ሲያመልጥ እንዲታወቅ ሰዎች ወዳሉበት ከሚሄደው መስመር በፊት ለጋዝ የሚሸጠው ሽታ ሰጪ ፈሳሽ በአቅራቢው መጠን ይጨመርበታል።